«ሲምፎኒያዊ» የሚለው ቃል ምን ይገልጻል? ከ«ኦርኬስትራዊ» በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ማስታወሻ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። በኦርኬስትራ ለሚቀርቡ የሙዚቃ ድርሰቶች አጫጭር የማብራሪያ ጽሑፎችን በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። አንባቢዎቼ ኖታ የማያነቡ፣ ነገር ግን ጊዜ ሰጥተው በጥሞና ማዳመጥ የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ፣ የምመርጠው እያንዳንዱ ሙያዊ ቃል ወደ ሙዚቃው የሚያቀርባቸው እንጂ የሚያርቃቸው እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ። በዚህ ሥራ ደጋግሞ የሚመጣብኝና በአንድ ፍቺ አልያዝ ያለኝ ቃል «ሲምፎኒያዊ» ነው፤ አንዳንዶች «ሲምፎኒክ» ብለው ይጽፉታል።

የሚያስቸግረኝ ቃሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር መሸከሙ ነው። «ሲምፎኒያዊ ሙዚቃ» ሲባል አብዛኛው ሰው በትልቅ ኦርኬስትራ የሚጫወት ሙዚቃ ብሎ ይረዳዋል፤ እንደዚያ ከሆነ «ኦርኬስትራዊ» ከሚለው በምን ይለያል? ሮበርት ሹማን ለአንድ ፒያኖ ብቻ የጻፈውንና እ.ኤ.አ. በ1837 የታተመውን ድርሰቱን «ሲምፎኒያዊ ኤቱዶች» ብሎታል (ኤቱድ የአጨዋወት ችሎታን ለማዳበር የሚጻፍ ድርሰት ነው)፤ በውስጡ አንድም ቫዮሊን፣ አንድም ትራምፔት የለም። ፍራንዝ ሊስት «ሲምፎኒያዊ ፖየም» ያላቸው ሥራዎች በበኩላቸው ሲምፎኒዎች አይደሉም። በዘመናችን ደግሞ በኤሌክትሪክ ጊታር የሚመራ «ሲምፎኒክ ሜታል» የሚባል ዘርፍ አለ፤ ለፊልም የተሠራ ግዙፍ ድምፅ ያለው ሙዚቃ ሁሉ «ሲምፎኒያዊ» ሲባልም እሰማለሁ።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህንን ነው፤ ቃሉ የሚገልጸው የመሣሪያዎቹን ዓይነትና ብዛት ነው ወይስ ሙዚቃው የተገነባበትን መንገድ? «ፊልሃርሞኒክ» ከሚለው ቃል ጋርስ ምን ዝምድና አለው? በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የሲምፎኒ»፣ «ሲምፎኒያዊ» እና «ሲምፎኒክ» ከሚሉት የትኛውን መቼ ብንጠቀም ይሻላል? መዝገበ ቃላት የሚሰጡትን የአንድ መስመር ፍቺ አይቼዋለሁ፤ የምፈልገው ከሥራዎቹ ከራሳቸው ተነሥቶ የሚያስረዳ መልስ ነው።

መልስ፦ የቃል ሥር

ከቃሉ ዕድሜ ብንጀምር አብዛኛው ነገር ይፈታል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉት ትርጉሞች በተለያየ ዘመን አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ ናቸውና።

«ሲምፎኒያ» ግሪክኛ ሲሆን፣ «አብሮ» የሚል ፍቺ ካለው «ሲን» እና «ድምፅ» ማለት ከሆነው «ፎኔ» የተገኘ ነው። የጥንት ግሪክ የሙዚቃ ሊቃውንት ቃሉን ይጠቀሙበት የነበረው ለተጫዋቾች ቡድን ሳይሆን፣ አብረው ሲሰሙ ለሚስማሙ የድምፅ ርቀቶች፣ ማለትም ለኦክታቭ፣ ለአምስተኛና ለአራተኛ ነበር (ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ በድምፅ መሰላሉ ላይ እስከ ስምንተኛው፣ አምስተኛውና አራተኛው ድምፅ ያለው ርቀት)። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ ከቤት ውስጥ የሰማው የሙዚቃ ድምፅም በግሪክኛው ጽሑፍ «ሲምፎኒያ» ተብሏል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ በእጅ በሚዞር መንኰራኵር ክሮቹ እየተፈተጉ የሚጮኽ አንድ መሣሪያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ኦርኬስትራ የሚባል ነገር የለም።

በኋላም ቢሆን ቃሉ ወደ ኦርኬስትራ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ጆቫኒ ጋብሪኤሊ እ.ኤ.አ. በ1597 ቬኒስ ላይ ያሳተመው የመንፈሳዊ ሙዚቃ ስብስብ «ቅዱሳት ሲምፎኒዎች» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ይዞ ነበር፤ በውስጡም የሰው ድምፅና መሣሪያ በአንድነት ይገኛሉ። ሞንቴቬርዲ እ.ኤ.አ. በ1607 በቀረበው «ኦርፌዎ» በተሰኘው ኦፔራው ውስጥ በዘፈኖች መካከል የሚገቡትን አጫጭር የመሣሪያ ክፍሎች «ሲንፎኒያ» ብሏቸዋል። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ደግሞ ለአንድ የቁልፍ ሰሌዳ መሣሪያ የጻፋቸው፣ ሦስት ድምፆች እየተከታተሉና እየተጠላለፉ የሚሄዱባቸው አሥራ አምስት አጫጭር ድርሰቶች «ሲንፎኒያ» ይባላሉ። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ሦስት ድምፅ ማለት ነው። ስለዚህ የሹማን ርዕስ እንግዳ የሆነብን ቃሉ ከትልቁ ኦርኬስትራ ጋር የተቆራኘበት ዘመን ልጆች ስለሆንን ነው።

ዛሬ የምናውቀው ሲምፎኒ የተወለደው ከኦፔራ መግቢያ ሙዚቃ ነው። በኔፕልስ አሌሳንድሮ ስካርላቲና ሌሎች ለኦፔራዎቻቸው ያበጇቸው መግቢያዎች ፈጣን፣ ዘገምተኛ፣ እንደገና ፈጣን የሆኑ ሦስት ክፍሎች ነበሯቸው። እነዚህ መግቢያዎች ከኦፔራው ተነጥለው ለብቻቸው መጫወት ሲጀምሩ፣ እንደ ሳማርቲኒ ያሉ ደራስያንም ከመጀመሪያው ለኮንሰርት ብቻ ተብለው የታሰቡ ሲንፎኒያዎችን ሲጽፉ፣ ሲምፎኒ ራሱን የቻለ፣ ብዙውን ጊዜ በበርካታ ክፍሎች የተዋቀረ የኦርኬስትራ ድርሰት ዓይነት ሆነ። ዮሴፍ ሃይድን ከ100 በላይ ጻፈ፤ ብዙዎቹንም የጻፈው በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ሃያ ገደማ ተጫዋቾች ለነበሩት ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 የጻፈው 45ኛው ሲምፎኒ መጨረሻው ላይ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እያቆሙ የሚወጡበትና ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ የሚቀሩበት ሥራ ነው፤ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ሲቀርም ሲምፎኒነቱ አልጎደለም። ከዚህ የምንረዳው በሲምፎኒ ትልቁ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብዛት የቃሉ ፍሬ ነገር እንዳልነበረ ነው።

ቅጽሉ፣ ማለትም «ሲምፎኒያዊ»፣ ዛሬ ያለውን ክብደት ያገኘው ከቤቶቨን በኋላ ነው። የቤቶቨን ሲምፎኒዎች ከተሰሙ በኋላ አድማጮችና ሐያስያን «ሲምፎኒ» የሚለውን ስም የአንድ ድርሰት ዓይነት መጠሪያ ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብ ደረጃ መለኪያ አደረጉት። ሊስት በ1850ዎቹ አዲስ ዓይነት ድርሰቱን «ሲምፎኒያዊ ፖየም» ብሎ የሰየመው ይህንን ክብደት ፈልጎ ይመስለኛል፤ አንድ ወጥ ክፍል ያለው፣ ከግጥም ወይም ከሥዕል ወይም ከታሪክ የተነሣ፣ ነገር ግን ጭብጡን (ዋናውን የሙዚቃ ሐሳብ) እንደ ሲምፎኒ የሚያሳድግ ሙዚቃ ማለቱ ነበር።

ስለ ፊደል አጻጻፉ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንዶች «ሲንፎኒ» ብለው በ«ን» ይጽፋሉ፤ ይህ ከጣሊያንኛው «ሲንፎኒያ» የመጣ እንጂ የአነባበብ ጉድለት አይደለም። ዛሬ ግን «ሲምፎኒ» ስለተለመደ፣ «ሲንፎኒያ»ን ለጥንታዊው የጣሊያን ዓይነት መግቢያ ሙዚቃ ብንተወው ልዩነቱ በራሱ ለአንባቢ ይጠቅማል።

መልስ፦ ቼሎ ተጫዋች

ከላይ የተሰጠው ታሪካዊ ማብራሪያ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው በኦርኬስትራ ውስጥ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ልዩነቱን ከየት እንደሚያገኘው ነው። ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፤ «ኦርኬስትራዊ» ሙዚቃው በምን እንደተሰማ ይናገራል፣ «ሲምፎኒያዊ» ደግሞ ሙዚቃው እንዴት እንዳደገ ይናገራል።

ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንደኛው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 1808 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው የቤቶቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ነው። የሚነሣው ሁሉም ከሚያውቃት ሦስት አጭርና አንድ ረጅም ምት ነው፤ የሚያሰሙትም የክር መሣሪያዎችና ክላሪኔቶች ብቻ ናቸው። ይህች ትንሽ ሞቲፍ (አጭር የሙዚቃ ሐሳብ) በራሷ ዜማ ልትባል እንኳ አትችልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ ማለት ይቻላል ከእርስዋ ይወጣል፤ ትገለበጣለች፣ ትሰፋለች፣ ትሰባበራለች፣ በባሶቹ ውስጥ ተደብቃ ትሄዳለች፣ እንደገና ከላይ ትፈነዳለች። በሦስተኛው ክፍል ሆርኖቹ ያንኑ ምት በሌላ ፊት ያውጁታል። ከዚያ ቲምፓኒው (የኦርኬስትራው ትልቅ ከበሮ) በጣም ዝግ ባለ ድምፅ እየመታ፣ ክሮቹም የተንጠለጠለ ድምፅ ይዘው ሲጠብቁ፣ ያለ ምንም ዕረፍት ወደ አራተኛው ክፍል እንሻገራለን፤ በሲ ማይነር፣ በጨለማ ስሜት ቅኝት፣ የተጀመረው ትግል በሲ ሜጀር፣ በብሩህ ቅኝት፣ ብርሃን ይወጣል፤ ትሮምቦኖች፣ ፒኮሎና «ኮንትራባሱን» የሚባለው ከባሱን ይበልጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ የሚገቡትም እዚህ ብቻ ነው። በአራተኛው ክፍል መካከልም የሦስተኛው ትውስታ ተመልሶ ይመጣል። ትሮምቦኖቹ ሲገቡ የሚሰማን ታላቅነት ከድምፃቸው ጉልበት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ሦስት ክፍል ሙሉ ሲጠበቅ የቆየ ነገር በመድረሱ ነው። ይህ ነው «ሲምፎኒያዊ» የሚባለው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1928 የቀረበው የሞሪስ ራቬል «ቦሌሮ» ነው። አንድ የማይለወጥ ምት በትንሿ ከበሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘልቃል፤ በሁለት ገጽ የሚፈራረቅ አንድ ዜማ በፍሉት ይጀምርና በክላሪኔት፣ በባሱን፣ በሳክሶፎን፣ በትሮምቦን እየተቀባበለ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ዜማው አያድግም፣ አይከፈልም፣ ከሌላ ጭብጥ ጋር አይጋጭም፤ የድምፁ መሠረት ራሱ እስከ ፍጻሜው ጥግ ድረስ ሲ ሜጀር ላይ ቆሞ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ገጾች ለጥቂት ጊዜ ወደ ኢ ሜጀር ዘልሎ ይመለሳል። የሚለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት ቀለም! ሆርን ዜማውን ሲጫወት ሁለት ፒኮሎዎች ያንኑ ዜማ ከላይ በሌላ የድምፅ ከፍታ ሲከተሉት፣ የደወል መሰል ድምፅ ካለው የቁልፍ ሰሌዳ መሣሪያ ከሴለስታ ጋር ተደምሮ፣ አድማጩ ኦርጋን የሰማ ይመስለዋል። «ቦሌሮ» ኦርኬስትራዊ ጥበብ የደረሰበት ከፍታ ነው፤ ሲምፎኒያዊ ግን አይደለም፣ መሆንም አልፈለገም። ይህን ማለት ሥራውን ማሳነስ አይደለም። ራቬልን በቤቶቨን መለኪያ መለካት ሁለቱንም አለማዳመጥ ነው።

በተቃራኒው ሹማንን ተመልከቱ። በአንድ ጭብጥ ላይ የተመሠረቱት ኤቱዶቹ ጭብጡን ከሐዘን ጉዞ አንሥተው ወደ ድል መዝጊያ ያደርሱታል፤ ፒያኖውም የክር፣ የትንፋሽና የምት ድርሻዎችን በአንድ ጊዜ እንደያዘ ሆኖ በተደራረቡ ድምፆች ይጻፋል። ሻርል ማሪ ቪዶር ለብቸኛ ኦርጋን አሥር ሲምፎኒዎች ጽፏል፤ ይህን ሊያስብ የቻለው አሪስቲድ ካቫዬ ኮል የሠራቸው ኦርጋኖች ከዝግታ ወደ ጉልበት ቀስ በቀስ ማደግ የሚችሉ፣ የተለያዩ የኦርኬስትራ መሣሪያዎችን ቀለም የያዙ በመሆናቸው ነው። እነዚህ ሲምፎኒያዊ ናቸው፤ ኦርኬስትራ ግን የላቸውም። ሙሶርግስኪ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፒያኖ የጻፈው «የሥዕል ኤግዚቢሽን» ደግሞ በራቬል እጅ እ.ኤ.አ. በ1922 ለኦርኬስትራ ተቀናበረ፤ ኦርኬስትራዊ ሆነ፣ ግን የተለያዩ ሥዕሎች ሰልፍ መሆኑን አልተወም።

ስለዚህ በማብራሪያ ጽሑፍዎ ውስጥ «ሲምፎኒያዊ» ከማለትዎ በፊት ራስዎን ቢጠይቁ የምመክረው፣ በመጀመሪያው ደቂቃ የሰማሁት ነገር በመጨረሻው ደቂቃ ለምሰማው ነገር ምክንያት ሆኗል ወይ የሚለውን ነው።

መልስ፦ መዝገብ አደራጅ

ቼሎ ተጫዋች የሰጡት ልዩነት ውብ ነው፤ ለሐያሲም እጅግ ይጠቅማል። ሆኖም የቃሉ ብቸኛ ትርጉም ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። የሙዚቃ ቅጂዎችንና ኖታዎችን የሚያደራጅ ሰው ሌላኛውን ትርጉም በየቀኑ ይጠቀምበታል፤ እርሱም «በሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚጫወት» የሚለው ነው። በዚህ አገባብ «ቦሌሮ» ያለ ጥርጥር ሲምፎኒያዊ ሙዚቃ ነው፤ የሚጫወተውም፣ የሚቀረጸውም፣ በመደርደሪያ የሚቀመጠውም ከሲምፎኒዎች ጋር ነው። አንድ ቃል በሰፊው የሚሠራበትን ትርጉም «ስሕተት» ማለት አይቻልም፤ ሁለቱን ትርጉሞች ለይቶ ማወቅና በአንድ አንቀጽ ውስጥ አለመደባለቅ ግን ግዴታ ነው።

«የሲምፎኒ ኦርኬስትራ» የሚለው ስም ራሱ የሚገልጸው በአራት ቤተሰብ የተደራጀን ቡድን ነው። እነዚህም የክር መሣሪያዎች፣ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች፣ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎችና የምት መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ይደርሳሉ። ከዚህ የሚያንሰውና በተለምዶ ከ40 ገደማ የማይበልጠው ቻምበር ኦርኬስትራ ይባላል። እዚህ ላይ ግን የድርሰቱ ስምና የቡድኑ ስም እንደማይገጣጠሙ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ አርኖልድ ሾንበርግ እ.ኤ.አ. በ1906 የጻፈው የመጀመሪያው ቻምበር ሲምፎኒ የሚያስፈልገው 15 ተጫዋቾች ብቻ ነው፤ የጉስታቭ ማህለር ስምንተኛ ሲምፎኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 ሙኒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ከመዘምራኑ ጋር ከ1000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁለቱም ሲምፎኒዎች ናቸው።

«ፊልሃርሞኒክ»ን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ቃሉ ከግሪክኛ «ፍቅር»ን እና «ስምምነት»ን ከሚገልጹ ቃላት የመጣ ሲሆን፣ «ሙዚቃ ወዳድ» እንደማለት ነው፤ በአመዛኙም የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበራት ይጠሩበት የነበረ ስም ነው። በመሣሪያ ዓይነት፣ በብዛት ወይም በሚጫወቱት ሙዚቃ በሲምፎኒ ኦርኬስትራና በፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መካከል ምንም ልዩነት የለም። ቪየና እ.ኤ.አ. በ1842 የተመሠረተ ፊልሃርሞኒክና በ1900 የተመሠረተ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አላት፤ ለንደንም በ1904 የተመሠረተ ሲምፎኒ ኦርኬስትራና በ1932 የተመሠረተ ፊልሃርሞኒክ አላት። በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ቡድኖችን የሚለየው ስሙ ነው እንጂ ስሙ ሌላ ትርጉም አይሸከምም። ስለዚህ «ፊልሃርሞኒካዊ ሙዚቃ» የሚል ሐረግ ካጋጠመዎት ይሰርዙት፤ የሚገልጸው ነገር የለም። «ፊልሃርሞኒክ» የተቋም ስም ሆኖ ይቅር።

«ሲምፎኒክ ሮክ»ና «ሲምፎኒክ ሜታል» የሚሉት የዘርፍ መጠሪያዎች በአብዛኛው የሚያመለክቱት ክሮች፣ መዘምራንና የነሐስ መሣሪያዎች፣ ወይም እነርሱን የሚመስል የኪቦርድ ድምፅ መጨመሩን ነው። ቃሉ እዚህ የተወሰደው በድምፅ ቀለም ትርጉሙ ነው፤ የዘርፍ ስም ስለሆነም እንዳለ ይጻፍ።

ከዚህ ሁሉ የማይመደብ አንድ ሥራ ማንሣት እወዳለሁ። ኢጎር ስትራቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1920 ለደቡሲ መታሰቢያ የጻፈው «የትንፋሽ መሣሪያዎች ሲምፎኒዎች» ርዕሱ በብዙ ቁጥር ቢሆንም አንድ አጭር ሥራ ነው፤ ክር የለውም፣ በቤቶቨን መንገድም ጭብጥ አያሳድግም። ስትራቪንስኪ ወደ ጥንቱ የግሪክ ፍቺ ተመልሶ «አብረው የሚሰሙ ድምፆች» ማለቱ ነው። ይህን ለሚያብራራ ጸሐፊ የቃሉን ሥር ማወቅ ጌጥ ሳይሆን አስፈላጊ መሣሪያ ነው።

ማስታወሻ ጸሐፊ፦

ሦስቱም መልሶች ረድተውኛል፤ በተለይ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ አንቀጽ ውስጥ አለመደባለቅ የሚለው ምክር። አሁን በሥራ ላይ ያሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮቼን ላቅርብና እርማት ልጠይቅ።

አንደኛው፦ «ይህ የሁለት ደቂቃ የፊልም ሙዚቃ ሲምፎኒያዊ በሆነ ግዙፍ ድምፅ ይከፈታል።» ሁለተኛው ስለ ቼኩ ደራሲ ስሜታና «ቭልታቫ» ነው፦ «ይህ ሲምፎኒያዊ ግጥም የአንድን ወንዝ ጉዞ ይተርካል።» ሦስተኛው ስለ ሲቤሊየስ ሰባተኛ ሲምፎኒ ሲሆን፣ ሥራው አንድ ክፍል ብቻ ስላለው «ሲምፎኒ» ልበለው ወይስ «ሲምፎኒያዊ ፖየም» የሚለው አስቸግሮኛል።

ቼሎ ተጫዋች፦

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሲምፎኒያዊ» የገባው «ትልቅ»ን ለማድመቅ ነው፤ «ግዙፍ» የሚለው ቃል ደግሞ ያንን አስቀድሞ ተናግሯል። «በሙሉ ኦርኬስትራ ግዙፍ ድምፅ ይከፈታል» ቢሉ አድማጩ ምን እንደሚሰማ በትክክል ያውቃል። ከተቻለም የትኞቹ መሣሪያዎች እንደሚከፍቱት ይጥቀሱ፤ «ሆርኖችና ትሮምቦኖች» የሚሉ ሁለት ስሞች ከአንድ ትልቅ ቅጽል ይልቅ ጆሮን ይመራሉ። ይህ ማለት የፊልም ሙዚቃ ሲምፎኒያዊ ሊሆን አይችልም ማለት አይደለም፤ ለአንድ ገጸ ባሕርይ የተሰጠ ጭብጥ በፊልሙ ርዝመት ሁሉ እየተለወጠ፣ ከሌሎች ጭብጦች ጋር እየተጣመረ የሚሄድ ከሆነ ቃሉ ይገባዋል። ሁለት ደቂቃ ላይ ግን ለመፍረድ ገና ነው።

ስለ «ቭልታቫ» ይዘቱን በተመለከተ የምለው፣ ዓረፍተ ነገሩ ወንዙን ብቻ ይዞ ሲምፎኒያዊነቱን ትቶታል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1874 የተጻፈ ሲሆን፣ ስድስት ሥራዎችን ከያዘው «አገሬ» ከተሰኘው ዑደት ሁለተኛው ነው። በሁለት ፍሉቶች የሚጀምረው የመጀመሪያው ምንጭ ከክላሪኔቶቹ ምንጭ ጋር ተገናኝቶ ወንዝ ይሆናል፤ የአዳኞች ሆርን፣ የገጠር ሠርግ ጭፈራ፣ የጨረቃ ሌሊትና የፏፏቴው ሁከት ይከተላሉ። ይህ እስከዚህ ድረስ ትረካ ነው። ወንዙ ፕራግ ሲደርስ ግን የቪሼህራድ (በፕራግ የሚገኝ ጥንታዊ ምሽግ) ጭብጥ በሙሉ ኃይሉ ይነሣል፤ ይህም የዑደቱ የመጀመሪያ ሥራ የተገነባበት ጭብጥ ነው። ሁለቱን ሥራዎች በተከታታይ ያዳመጠ ሰው በዚያች ቅጽበት ወንዙ የት እንደደረሰ ሳይነገረው ያውቃል። ለአንባቢዎ ሊነግሩት የሚገባው ሲምፎኒያዊ ነገር ይህ ነው።

የቃል ሥር፦

በዚሁ ሐረግ ላይ እኔም አንድ ነገር አለኝ፤ «ሲምፎኒያዊ ግጥም» የሚለውን ትርጉም አልመርጠውም። በአማርኛ «ግጥም» ሲባል ቃል ያለው፣ ስንኝ የሚቋጠርበት ነገር ነው የሚታሰበው፤ አንባቢው «ቭልታቫ» ላይ የሚዘፍን ሰው ይጠብቃል። ሊስትና ተከታዮቹ «ፖየም» ያሉት ግን ቃል የሌለውን፣ የግጥምን ሐሳብና መንፈስ በድምፅ የሚይዝን ሙዚቃ ነው። ስለዚህ «ሲምፎኒያዊ ፖየም» ብሎ ባሕርዩን በመጀመሪያው መጠቀሻ ላይ በአንድ ሐረግ ማብራራት ይሻላል፦ «ቃል የሌለው፣ አንድ ታሪክ ወይም ሥዕል በኦርኬስትራ የሚተረክበት ባለ አንድ ክፍል ድርሰት»። ሪቻርድ ሽትራውስ ለተመሳሳይ ሥራዎቹ የመረጠውን ስም ደግሞ «የድምፅ ድርሰት» ቢሉት አንባቢ አይሳሳትም።

ስለ ሦስቱ የአማርኛ ቅርጾች እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ቡድኑንና የድርሰቱን ዓይነት ስጠራ «የሲምፎኒ» እላለሁ፤ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ የሲምፎኒ ኮንሰርት፣ የሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል። የሙዚቃውን ባሕርይ ስገልጽ «ሲምፎኒያዊ» እላለሁ፤ «-ያዊ» የሚለው ቅጥያ በአማርኛ የባሕርይ ቅጽል ስለሚሠራ ትርጉሙ ከቅርጹ ጋር ይስማማል። «ሲምፎኒክ»ን ደግሞ በዘርፍ መጠሪያዎችና በተጸውዖ ስሞች ውስጥ እንዳለ እተወዋለሁ። መዝገብ አደራጅ ያነሡት ሰፊው ትርጉም ሲያስፈልግ «ለሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተጻፉ ሥራዎች» ማለት ይቻላል፤ ሐረጉ ቢረዝምም የትኛው ትርጉም እንደታሰበ አያጠራጥርም።

ስለ ሲቤሊየስ ያነሡት ጥያቄ ለዚህ ውይይት ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ደራሲው ራሱ በዚህ ስም ላይ አመንትቶ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1924 ስቶክሆልም ላይ በራሱ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የተሰጠው ርዕስ «ሲምፎኒያዊ ፋንታሲያ» ነበር (ፋንታሲያ ቅርጹ ነጻ የሆነ ድርሰት ነው)። ከሃያ ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ፍጥነቱ በማይታወቅ ሁኔታ ከዝግታ ወደ ፈጣን እየተሻገረ፣ እንደገና እየተመለሰ፣ ክፍሎቹ የት ላይ እንደሚያበቁ ሳይለይ ይፈስሳል፤ የትሮምቦን አንድ ታላቅ ጭብጥም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በሌላ ብርሃን ተከብቦ ይመጣል። እንደ «ቭልታቫ» የሚተረክ ወንዝ ወይም ከተማ የለውም፤ የሚይዘው የራሱን የውስጥ ምክንያት ብቻ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሲቤሊየስ በኋላ ሥራው ሲታተም «ፋንታሲያ» የሚለውን ስም ትቶ ሰባተኛ ሲምፎኒ ያደረገው፤ በመጀመሪያ ቅጽል የነበረው ቃል ስም ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ሥጋት «ሲምፎኒ» ይበሉት፤ ባለ አንድ ክፍል መሆኑንና የመጀመሪያ ርዕሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ አንባቢዎ የትሮምቦኑን መመለስ ነቅቶ ይጠብቃል።